ከቀሐ እስከ ተከዜ ፤ ብቻውን ስለሚሄድ መንገደኛ

የጎንደር ከተማ ቀሐና አንገረብ በሚባሉ በሁለት ወንዞች መካከል የተቀመጠች ናት። ቀሐ በምዕራብ በኩል የሚወርደው ነው ፤ በጥምቀት በዓል የዐፄ ፋሲልን መዋኛ የሚሞላውም የእርሱ ውሃ ነው። አንገረብ ደግሞ በምሥራቅ በኩል ያልፋል። ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓመተ ምሕረት ከተማውን ከቈረቈሩት ጀምሮ ነጋዴው፥ ተማሪው፥ መልእክተኛው ከየአገሩ ወደዚህች ስፍራ ሲጐርፍ ኖሯል። (በዚህ ጽሑፍ የሚነገረው ዘመን ሁሉ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ነው።) የመጣውም ሰው ብዙውን ጊዜ የመንገድ ትቢያውን ከእግሩ የሚያጥበው ከእነዚህ ወንዞች በአንዱ ነበር።

በኋለኛው ዘመን ግን በቀሐ ድልድይ ላይ አዲስ ዓይነት መንገደኛ መታየት ጀመረ። ይኸውም ቤቱን በሁለት ጎማ ላይ ጭኖ የሚሄደው ቢስክሌተኛ ነው። ድንኳኑን፥ ምጣዱን፥ የውሃ ዕቃውንና ትርፍ ከመነዳሪውን ከኋላው አስሮ፥ ከሱዳን በመተማ በኩል ይመጣል ፤ ወይም ከትግራይ ተነሥቶ በሊማሊሞ በኩል ይወጣል። ከእነዚህ መንገደኞች አያሌዎቹ ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ መጽሐፍ ይጽፋሉ ፤ በመጽሐፋቸውም አገሩን ሁሉ ብቻቸውን እንዳቋረጡት ይናገራሉ። በእግሩ የለፋው በእርግጥ እርሱ ራሱ ነውና ድካሙን መካድ አይገባም። ነገር ግን ከጎንደር እስከ ተከዜ ባለው መንገድ ላይ ፍጹም ብቻውን የሄደ ሰው እስከ ዛሬ ድረስ የተገኘ አይመስልም። ነገሩን ለመረዳት ከቢስክሌቱ በፊት በዚያው መንገድ ያለፉትን ሰዎች ማየት ያስፈልጋል።

ከሁሉ የሚቀድመው ብቸኛ መንገደኛ የቆሎ ተማሪ ነው። ዕድሜው ገና ዐሥራ ሁለት ወይም ዐሥራ ሦስት ዓመት ሳይሞላ፥ ብዙ ጊዜም አባቱን ሳያስፈቅድ፥ ለምዱን ለብሶ፥ አኮፋዳውን አንግቶ፥ ዱላውን ይዞ ከቤቱ ይወጣል። የትምህርቱም ሥርዓት በአንድ ስፍራ ያስቀምጠው ዘንድ አይፈቅድም። ቅኔ የፈለገ እንደ ሆነ ወደ ጎጃም፥ ወደ ዋሸራና ወደ ጎንጅ ይወርዳል ፤ ድጓ ለማስመስከር ጋይንት ቤተ ልሔም ድረስ መሄድ አለበት ፤ ዝማሬ መዋሥዕት ከዙር አምባ ነው ፤ አቋቋም ከጎንደር በዓታ ፤ ትርጓሜም እንዲሁ ከጎንደር። ቅዳሴ ለመማር የወደደ ግን ወደ ሽሬ፥ ወደ ደብረ ዓባይ ሊሄድ ይችላል ፤ ወደዚያም ለመድረስ ከጎንደር የተነሣ ተማሪ ወገራን አልፎ፥ ሊማሊሞን ወርዶ፥ ተከዜን መሻገር ነበረበት። ዛሬ ቢስክሌተኛው በካርታ የሚከተለውን መሥመር ተማሪው የሚያውቀው መካርታ ሳይኖረው ከቀደመው ተማሪ አፍ ነበር።

ይህ ልጅ ስንቅ የለውም። ሲመሽበት ከደጅ ቆሞ የመሸበት መንገደኛ መሆኑን ይናገራል ፤ በማግሥቱም በእንተ ስማ ለማርያም እያለ ቍራሽ ይለምናል። ባለቤቲቱ ስሙን ሳትጠይቅ የእግዚአብሔር እንግዳ ነው ብላ ከምድጃው አጠገብ ታስተኛዋለች። እንዲህም ሲባል ሁሉ ነገር ደግ ነበር ማለት አይደለም። የቆሎ ተማሪ ትልቁ ጠላቱ ውሻ ነው ፤ በቅልጥሙ ላይ የውሻ ጥርስ ምልክት የሌለበት መርጌታ ማግኘት ያስቸግራል ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም። ከደጃፍ ያባረረውም ሰው ነበር። በአንድ መንደር ውሻ የተለቀቀበት ልጅ በሚቀጥለው መንደር ማደሪያ አግኝቶ ጉዞውን ቀጥሏል ፤ ሊቃውንቱም የተገኙት እንደዚህ ባለ መንገድ ነው።

ከባሕር ማዶ ከመጡት ተጓዦች መካከል በዚህ መንገድ ስሙ የገነነው የስኮትላንዱ ጄምስ ብሩስ ነው። በ1762 ዓ.ም. መጀመሪያ ከምጽዋ ወርዶ፥ በዚያው ዓመት በየካቲት ወር ሊማሊሞን ወጥቶ ጎንደር ገባ። ዘመኑ የዐፄ ተክለ ሃይማኖት ዳግማዊና የራስ ሚካኤል ስሑል ዘመን ነበር። ብሩስ በ1782 ዓ.ም. በታተመው በአምስት ቅጽ መጽሐፉ ውስጥ የጉዞው ሁሉ ጀግና ራሱ ሆኖ ይታያል። ነገር ግን ከዋክብት የሚለካበት ከባድ መሣሪያ ብቻውን ስንት ተሸካሚ እንዳደከመ ከዚያው ከመጽሐፉ ይነበባል። ከዚህ ይልቅ የሚያሳዝነው የሉዊጂ ባሉጋኒ ነገር ነው። ባሉጋኒ የቦሎኛ ሰው፥ ሙያውም ሥዕል ሲሆን፥ ከብሩስ ጋራ ጎንደር ድረስ መጥቶ፥ በ1763 ዓ.ም. መጀመሪያ ወደ ግዮን ምንጭ ወደ ግሽ አብሮት ሄዶ ነበር። ብሩስ ግን በመጽሐፉ ይህ ሰው ከግሽ ጉዞ በፊት እንደ ሞተ አድርጎ ጻፈ። በኋላ ባሉጋኒ በገዛ እጁ የጻፋቸው ወረቀቶች ሲመረመሩ በዚያ ጉዞ ላይ በሕይወት እንደ ነበረ ተረጋገጠ። ከዚያ በኋላ ነው ጎንደር ላይ የሞተው። ብሩስ ብዙ የታሪክ መጻሕፍት ከጎንደር ወደ ኤውሮጳ ያሻገረ፥ ያየውንም አብዛኛውን በትክክል የጻፈ ሰው ነው ፤ ዳሩ ግን ብቸኛ ለመባል ሲል የወንድሙን መሞቻ ቀን እስከ ማዛወር ደረሰ።

ብሩስ የወጣበት የሊማሊሞ መንገድ የበቅሎና የእግረኛ መንገድ ነበር። በቅሎ ዳገቱን በአቋራጭ ትወጣለች ፤ ጎማ ግን እንዲህ አይችልም። ጎማ የሚወጣበት መንገድ ተራራውን እየዞረ፥ ደጋግሞ እየታጠፈ ቀስ ብሎ ከፍ ማለት አለበት። ይህን መንገድ የሠራው ኢጣልያዊው ወራሪ ነው። የስታራቼ ጦር በካሚዮን ተጭኖ በሰቲት በኩል መጥቶ መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጎንደር ገባ ፤ ከዚህ በኋላ ከአሥመራ እስከ ጎንደር ያለውን መንገድ በሊማሊሞ ገደል ላይ እየቈረጡ አወጡት። ያሰቡትም ለመድፍና ለስንቅ ነበር እንጂ ለመንገደኛ አልነበረም። ሆኖም ያው መንገድ የጦር መግቢያ እንደ ሆነ ሁሉ የምሽጋቸው በርም ሆነ ፤ ከሊማሊሞ ራስ ላይ በወልቀፊት የሰፈረው ጦራቸው በአርበኞችና በእንግሊዝ ጦር ተከቦ ከሰነበተ በኋላ በመስከረም 1934 ዓ.ም. እጁን ሰጠ። ጄኔራል ናዚም ጎንደርን ይዞ የቈየው እስከ ኅዳር 18 ቀን ብቻ ነው። ወራሪው ሲወጣ መንገዱ ቀረ። ጎማና ከመነዳሪ የሚባሉት የኢጣልያንኛ ቃሎችም አብረው ቀሩ።

ስለ ቢስክሌት በሰፊው ዓለም ብዙ ማለት አያስፈልግም። ቶማስ ስቲቨንስ የሚባል ሰው የፊት ጎማው እጅግ ትልቅ በሆነው በጥንቱ ቢስክሌት በ1876 ዓ.ም. ከሳን ፍራንሲስኮ ተነሥቶ፥ በ1879 ዓ.ም. ዮኮሃማ ደርሶ የዓለምን ዙሪያ ጨረሰ። በአሥመራ በኩል በ1938 ዓ.ም. ኤርትራን የሚዞር የውድድር ጉዞ ተጀመረ ፤ ኢትዮጵያም በ1949 ዓ.ም. በመጀመሪያ ጊዜ በሜልቦርን ኦሊምፒክ ስትሳተፍ ከላከቻቸው ስፖርተኞች መካከል እነ ገረመው ደንቦባ በቢስክሌት የተወዳደሩ ነበሩ።

ይልቁንስ ትንሽ ልትጠቀስ የሚገባት የአየርላንዷ ደርቭላ መርፊ ናት። ይህች ሴት በጥር 1955 ዓ.ም. ሮዝ ብላ በሰየመችው ቢስክሌት ከአገሯ ተነሥታ ብቻዋን እስከ ሕንድ ሄደች። ከዚያም በ1959 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ስትመጣ ቢስክሌቷን ትታ፥ ጆክ የምትለውን በቅሎ ዕቃዋን አስጭና፥ ከምጽዋ በኩል ገብታ የሰሜንን ተራራ በእግሯ አቋርጣ ጎንደር ደረሰች ፤ ወደ አዲስ አበባም የሄደችው እንዲሁ በእግር መንገድ ነው። የአፍጋኒስታንን መንገድ በጎማ ያለፈች ሴት በሰሜን ምድር በቅሎ መምረጧ፥ ለእነዚያ ተራሮች የተሰጠ ምስክርነት ነው። ማታ ማታም የምታድረው ከባላገሩ ጎጆ ነበር። በግንቦት 2014 ዓ.ም. ዐረፈች።

ከጎንደር ወደ ሰሜን የሚሄድ ቢስክሌተኛ ከከተማው እንደ ወጣ ወለቃን ያልፋል ፤ ከዚያም ወዲያው ዳገቱ ይጀምራል። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2100 ሜትር ያህል ስትሆን፥ 100 ኪሎ ሜትር ርቃ ያለችው ደባርቅ ወደ 2800 ሜትር ትጠጋለች። ልዩነቱ ሲነገር ጥቂት ይመስላል ፤ ነገር ግን በኮሶዬ፥ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት በኩል መንገዱ ይወጣል፥ ይወርዳል፥ ደግሞ ይወጣል ፤ አየሩም ስስ ስለ ሆነ ትንፋሽ ያጥራል። የወገራ ነፋስ ወደ ማታ ብርድ ነው። ከደባርቅ በኋላ ደግሞ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ የሚሆን ቍልቍለት በጥቂት ሰዓት ይወረዳል ፤ በዚያ ላይ ፍሬን ያለ ማቋረጥ የያዘ ሰው የጎማው ክብ ግሎ እንዳይፈነዳበት እየቆመ ማቀዝቀዝ አለበት። በዘሪማ ቆላ ሙቀቱ ልብስ ያስወልቃል።

መከራው ግን ተራራው አይደለም። ኢትዮጵያን በቢስክሌት ያቋረጡ ሰዎች በየጽሑፋቸው የሚያነሡት ነገር ልጆች ናቸው። ልጆቹ ከየእርሻው እየሮጡ ይመጣሉ ፤ ዩ ዩ እያሉ ይከተላሉ ፤ ብርና እስክሪፕቶ ይጠይቃሉ ፤ ባጡም ጊዜ አንዳንዱ ድንጋይ ይወረውራል፥ እንጨትም በጎማው ሽቦ መካከል ይሰድዳል። ይህን መሸሸግ አይገባም፥ በእንግዳ አክባሪነት ለሚመካ አገር ነውር ነውና። ነገር ግን በአንድ በኩል ብቻ የሚታይ ነገር አይደለም። በመኪና የሚያልፈው ጎብኚ ከመስኮት ከረሜላና እስክሪፕቶ ሲበትን ኖሮ ልጁን ፈረንጅ ማለት የሚሰጥ ሰው ነው ብሎ አስተማረው ፤ በኋላ ቀስ ብሎ እየደከመ የሚመጣው ቢስክሌተኛ የማይከፍለውን ዕዳ ተጠየቀ። ደግሞም በዚያው ቀን ማታ፥ ያ ድንጋይ የወረወረው ልጅ እናት ቡና አፍልታ፥ ለእንግዳው መደብ ላይ ቍርበት የምታነጥፍበት ጊዜ አለ። በየመጽሐፉ ግን ድንጋዩ ምዕራፍ ሙሉ ሲይዝ ቡናው አንድ መሥመር ይበቃዋል። የባሉጋኒ ነገር እዚህም ላይ ትዝ ይላል።

በ1995 ዓ.ም. ከካይሮ እስከ ኬፕ ታውን የሚሄድ የቢስክሌት ጉዞ በማኅበር ተጀምሮ በየዓመቱ ብዙ ሰው ይዞ በዚህ አገር ያልፍ ነበር ፤ እነዚያ ግን ስንቃቸውን በመኪና የሚያስከትሉ ስለ ሆኑ ከመንደር ሰው ጋራ ብዙ አይገናኙም። ለአንድ ሌሊት ማደሪያ ከሰው ደጅ የሚቆመው ብቻውን የሚሄደው ነው።

ከአዲ አርቃይ ወዲያ መንገዱ ወደ ተከዜ ይወርዳል። በጥንት ዘመን ተከዜ በክረምት ሲሞላ ተማሪውም ነጋዴውም ውሃው እስኪጎድል ድረስ በዳር ይሰነብት ነበር ፤ በኋላ ድልድይ ስለ ተሠራ ይህ ችግር ቀርቶ ነበር። በ2013 ዓ.ም. ጦርነት፥ በሰኔ ወር መጨረሻ፥ ከማይ ጸብሪ ወዲያ ያለው የተከዜ ድልድይ ፈረሰ። ወሩ የክረምት መግቢያ ስለ ነበረ ወንዙ ገና መሙላት መጀመሩ ነበር።