የመሬት መንቀጥቀጥ ትዝታና የምስክር ቃል፦ ከሳን ፍራንሲስኮ እስከ ካራ ቆሬ

በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ተደጋግሞ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ በተሰማበት በአንዱ ሌሊት፣ ከእንቅልፌ ባንኜ ስነሣ ከአፌ የወጣው የመጀመሪያ ቃል «ማነው?» የሚል ነበር። በሩ ሲንቀጫቀጭ ሰው የሚያንኳኳ መስሎኝ ነው። ይህች ትንሽ ገጠመኝ ከብዙ ዓመታት በፊት ያነበብሁትን የዊልያም ጄምስን መጣጥፍ አስታወሰችኝ። የዚህ አጭር ጽሑፍ መነሻም እርስዋ ናት። ዓላማው ከብርቱ የመሬት መንቀጥቀጥ የተረፉ ሰዎች የሚተዉት የትዝታ ጽሑፍ ምን እንደሚይዝና ምን እንደሚያስቀር በሳን ፍራንሲስኮ ማሳያነት መመርመር፣ ከዚያም ወደ አገራችን መለስ ብሎ አንድ ጥያቄ ማንሣት ነው።

የሳን ፍራንሲስኮ መንቀጥቀጥ የደረሰው ሚያዝያ 10 ቀን 1898 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. አፕሪል 18 ቀን 1906) ከንጋቱ 11 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ላይ ነበር። መጠኑ 7.9 ያህል እንደ ነበር ይገመታል። መሬቱ መናወጡን ሲያቆም እሳት ተነሣ፤ የውሃ ቧንቧዎቹ ተሰባብረው ስለ ነበር የሚያጠፋው ጠፍቶ ከተማዪቱ ለቀናት ነደደች። 400000 ያህል ከሚሆነው ነዋሪዋ ከግማሽ የሚበልጠው ቤት አልባ ሆነ።

ከዚህ ጥፋት ከተረፉት ምስክሮች ሦስቱን እንመልከት። ፈላስፋውና የሥነ ልቡና ሊቁ ዊልያም ጄምስ ለማስተማር ከሐርቫርድ ወደ ስታንፎርድ ሄዶ ሳለ አልጋው ላይ እንዳለ ነው መሬቱ የተናወጠው። በዚያው ዓመት ባሳተመው መጣጥፍ፣ ፍርሃት ሳይሆን ደስታና አድናቆት እንደ ተሰማው ይነግረናል። ለኛ ለሥነ ጽሑፍ ሰዎች የሚጠቅመው ግን ሌላው ትዝብቱ ነው፤ መንቀጥቀጡን ሆን ብሎ እርሱን ሽቶ እንደ መጣ ሕያው ፍጡር አድርጎ ነበር የተቀበለው። የጠየቃቸው ሰዎችም እንዲሁ ፈቃድና ዓላማ ያለው አካል ሆኖ ታይቷቸዋል። እኛ በክፍል ውስጥ «ሰውኛ» እያልን እንደ ባለቅኔ ጌጥ የምናስተምረው ዘይቤ፣ በጭንቅ ጊዜ ማንም ሰው ሳያስብ የሚናገረው የመጀመሪያ ቋንቋ ነው ማለት ነው። የኔም «ማነው?» ከዚሁ የሚመደብ ይመስለኛል።

ሁለተኛው ደራሲው ጃክ ለንደን ነው። ከገጠር ቤቱ ወደ ከተማዪቱ ገብቶ ያየውን ለመጽሔት ሲጽፍ፣ ሰው ሁሉ ሻንጣና ሣጥኑን እየጎተተ፣ ሳይጮህና ሳይጋፋ፣ በትሕትና ከእሳቱ ሲሸሽ አሳይቷል። ሦስተኛው ጣሊያናዊው ዘፋኝ ኤንሪኮ ካሩዞ፣ በዋዜማው ምሽት በከተማዪቱ «ካርመን»ን ዘፍኖ በሆቴል ተኝቶ ነበር። በኋላ የሰጠው ቃል የሚጀምረው ጋዜጦች በፍርሃት አብዶ አለቀሰ ብለው የጻፉትን በማስተባበል ነው። እንግዲህ አንዱ ተንታኝ፣ አንዱ ዘጋቢ፣ አንዱ ስሙን ተከላካይ ናቸው። ትዝታ ባዶ ዕቃ አይደለም፤ እንደ ተናጋሪው ዓላማ የራሱን ቅርጽ ይይዛል።

ሦስቱም አንድ የጋራ ነገር አላቸው፤ የከተማዪቱ ቋሚ ነዋሪዎች አልነበሩም። ጄምስ፣ መከራ ብቻውን ሲመጣ እንጂ ከሌላው ጋር ሲጋሩት ሕመሙ እንደማይበረታ ጽፏል። ሐሳቡ ጥልቅ ነው፤ ሆኖም መከራው ለሁሉም እኩል አልተከፈለም ነበር። መንደራቸው የጋየባቸው ቻይናውያን ከሌላው ሕዝብ በተለየ ሠፈር እንዲጠለሉ ተደርገው፣ ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው ተዛውረዋል፤ መንደራቸውንም ወደ ከተማዪቱ ዳር ለማራቅ ተሞክሯል። በከተማዪቱ ሞቱ ተብሎ ለረጅም ዘመን የተነገረው ቁጥር ከ500 ያነሰ ሲሆን፣ ከቻይናውያን መካከል የተቆጠሩት እጅግ ጥቂት ነበሩ። ነጋዴዎችና ባለሥልጣኖችም ጥፋቱ «የእሳቱ» እንጂ «የመንቀጥቀጡ» እንዳይባል ይሹ ነበር፤ እሳት በየትም ከተማ ይነሣልና ገንዘቡን ይዞ የሚመጣውን ሰው አያሸሽም። ይህንን ታሪክ የለወጠችው የከተማዪቱ የቤተ መዛግብት ሠራተኛ ግላዲስ ሃንሰን ናት። ለብዙ ዓመታት የሟቾችን ስምና የተራፊዎችን ቃል አንድ በአንድ ስትለቅም ኖራ፣ የሟቾቹ ቁጥር ከ3000 እንደሚበልጥ አስረድታለች።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። በዚያው በ1898 ዓ.ም.፣ ነሐሴ 19 ቀን፣ የኢትዮጵያን ስምጥ ሸለቆ 6.8 ያህል የሚገመት መንቀጥቀጥ መትቶ አዲስ አበባን በብርቱ አናውጧል። ስለዚህ መንቀጥቀጥ ተማሪዎቼን በጠየቅሁ ቁጥር «ሰምቻለሁ» የሚል አላጋጠመኝም። ኢየሱሳዊው አባ ፒየር ጉዌን እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተሙት መጽሐፍ የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የመንቀጥቀጥ ታሪክ መዝግበው ባለውለታችን ሆነዋል፤ ነገር ግን የእርሳቸው ድካም የሳይንስ ሰው ድካም ነው፤ የተራፊውን ትረካ እንደ ትረካ መመርመር የኛ ፈንታ ነበር።

የ1898ቱ ምስክሮች አልፈዋል። ከግንቦት 1953 ዓ.ም. ጀምሮ ካራ ቆሬንና አካባቢውን ያናወጠው፣ ማጀቴን ያፈራረሰውና የደሴን መንገድ የሰነጠቀው መንቀጥቀጥ ምስክሮች ግን ገና በሕይወት አሉ። ያን ጊዜ የአሥር ዓመት ልጅ የነበረ ሰው ዛሬ ሰባውን አልፏል። ያ ሰው መሬቱን ምን ብሎ ጠራው? ቁጣ ነው አለ ወይስ ሌላ ስም ሰጠው? ማንን ተሸክሞ ወጣ? ማንንስ ትቶ? የዚህን መልስ የትኛውም መሣሪያ አልመዘገበውም።

የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ አጣን እያሉ ወደ ቢሮዬ የሚመጡ ተማሪዎች ብዙ ናቸው። ከመካከላቸው የይፋትና የአካባቢው ልጅ የሆነ ቢኖር፣ ለበዓል አገሩ ሲገባ ከአያቶቹ አጠገብ ይቀመጥ፤ በእጁ ባለው ስልክ ድምፃቸውን ይቅረጽ፤ ቃላቸውን ሳያርምና ሳያሳምር ይጻፍ። ሃንሰን ብዙ ምስክሮች ካለፉ በኋላ የሟች ስም ለመልቀም ተገድዳለች። እኛ ግን ከሕያው አፍ የመስማት ዕድል ገና አላመለጠንም።