ሬትሮፊት፦ ኤሲ ማላመድ

ጋራዥ ገብቶ «ፍሪዮን ሙላልኝ» የሚል ደንበኛ የትኛውን ጋዝ እንደሚፈልግ ገና አልተናገረም። ፍሪዮን የንግድ ስም ነው፤ በሥሩ ብዙ ዓይነት ጋዝ አለ። ከ1990ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) በፊት የተሠሩ መኪኖች ኤሲያቸው ለአር-12 የተሠራ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የመጡት ለአር-134ኤ። ከ2017 ጀምሮ አውሮፓ ውስጥ የሚሸጡት አዳዲሶቹ ደግሞ እሱንም ትተውታል።

የድሮው የአር-12 ኤሲ በአዲሱ ጋዝ፣ በአር-134ኤ፣ እንዲሠራ የማድረጉ ሥራ ሬትሮፊት ይባላል። «ጋዝ መቀየር» ሲባልም ይሰማል፤ ግን ያሳስታል፤ ከሥራው ሁሉ ቀላሉ ጋዙ ነው። እኔ «ማላመድ» ቢባል እመርጣለሁ። የግብርና ተመራማሪዎች ከውጭ የመጣን ዝርያ ለአገሩ አፈርና አየር ሲያለማምዱ የሚጠቀሙበት ቃል ነው። እዚህ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ የሚላመደው መጤው ሳይሆን ነባሩ ነው። ስለዚህ «ኤሲን ለአዲስ ጋዝ ማላመድ»፣ ሲያጥር «ኤሲ ማላመድ»።

ጣጣው የመጣው ከሰማይ ነው ቢባል ያስኬዳል። በአር-12 ውስጥ ያለው ክሎሪን የኦዞንን ንጣፍ ስለሚበላ የ1987ቱ የሞንትሪያል ስምምነት ምርቱ እንዲቆም አደረገ። ለበለጸጉት አገሮች ቀነ ገደቡ የ1995 መጨረሻ ነበር፤ እንደ ኢትዮጵያ ላሉት እስከ 2010 ጊዜ ተሰጠ።

አር-134ኤ ክሎሪን የለውም። ጭቅጭቁ ከዘይቱ ጋር ነው። ኤሲ ውስጥ ጋዙና ዘይቱ አብረው ነው የሚዞሩት፤ ኮምፕረሰሩን የሚያለሰልሰው ዘይት በጋዙ ተይዞ አየሩ የሚቀዘቅዝበት ኢቫፖሬተር ድረስ ሄዶ ይመለሳል። የድሮው ሲስተም ዘይት ማዕድናዊ ነው፤ አዲሱ ጋዝ ከእሱ ጋር አይዋሃድም። ጋዙ ይዞራል፣ ዘይቱ መንገድ ላይ ተኝቶ ይቀራል፣ ኮምፕረሰሩ ደርቆ ይነክሳል። ስለዚህ አሮጌው ዘይት ተንጠፍጥፎ ይወጣና ኤስተር ወይም ፓግ የሚባለው ይገባል። ለማላመድ ኤስተሩ ይሻላል፤ ሲስተሙ ውስጥ የቀረውን ጥቂት ማዕድናዊ ዘይት ይችለዋል። ፓግ እርጥበት ይጠጣል፤ ክዳኑ ተከፍቶ የዋለ ጣሳ ባይነካ ይመረጣል።

ጎሚኒዎቹ አዲሱን ጋዝና ዘይት በሚችሉ ይተካሉ፤ እርጥበት የሚመጥጠው ድራየርም ይቀየራል። ከዚያ ቫኪዩም፣ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት። ይህን የሚዘል ሰው አየር ማስወጣት ብቻ ይመስለዋል። ግፊቱ በጣም ሲወርድ ውሃ ሳይሞቅም ስለሚፈላ፣ ቱቦው ውስጥ የተደበቀው እርጥበት ተንኖ የሚወጣው ያኔ ነው።

መጠኑ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። አዲሱ ጋዝ የሚሞላው ከድሮው ልክ ከ80 እስከ 90 በመቶ ያህል ነው፤ 1 ኪሎ አር-12 ይይዝ ለነበረ መኪና ከ800 እስከ 900 ግራም። ደንበኛው «ትንሽ ጨምርበት» ቢልም ከዚያ በላይ ሲሞላ የሚጨምረው ግፊቱ እንጂ ቅዝቃዜው አይደለም። አር-134ኤ ሙቀት ሲበረታ ግፊቱ ከአር-12 ይበልጣል። የጋዙን ሙቀት ወደ ውጭ የሚያስወጣው ኮንደንሰር አሮጌ ወይም በአቧራ የታፈነ ከሆነ ኤሲው መንገድ ላይ ደህና ያቀዘቅዝና ሠመራ ወይም ዱባይ ፀሐይ ላይ መኪናው ቆም ሲል ሙቅ አየር ይነፋል።

መኪና ከመግዛት በፊት ኮፈኖውን ከፍቶ የኤሲውን ጋዝ መሙያ ማየት ነው። የአር-12 አፍ ጥርስ ያለው፣ የሚጠመዘዝ ነው። የአር-134ኤ ገፋ ሲያደርጉት ቀጭ ብሎ ይይዛል፤ የከፍተኛና የዝቅተኛ ግፊት አፎቹም መጠናቸው ይለያያል። የተላመደ መኪና ላይ አዲሱ አፍ በአሮጌው ጥርስ ላይ ተጠምዝዞ ይገኛል። አሜሪካ ውስጥ ሕጉ ተለጣፊም ያስገድዳል፦ ማን እንደሠራው፣ መቼ፣ የትኛው ጋዝ ምን ያህል እንደገባ፣ ዘይቱ የትኛው እንደሆነ። አፉ ተቀይሮ ተለጣፊ ከሌለ ሻጩን መጠየቅ ያለብን ስለ ዘይቱ ነው።