የአውሮፕላን ሞተር ክፍሎች የአገልግሎት ጣሪያ፦ የብረት ድካም ትንበያና ቁጥጥር

በጄት ሞተር ውስጥ በከፍተኛ ፍጥነት የሚሽከረከሩ ዋና ዋና ክፍሎች ጉድለት ባይታይባቸውም አስቀድሞ የተወሰነላቸው ጣሪያ ላይ ሲደርሱ ከአገልግሎት ይወጣሉ። ደህና የሚመስል ውድ ዕቃ መወገዱ ብክነት ሊመስል ይችላል፤ ምክንያቱ ግን የብረት ድካም ነው። ይህ ጽሑፍ የብረት ድካምን ምንነት፣ የአገልግሎት ጣሪያ የሚወሰንበትን መንገድ፣ የፍተሻን ድርሻ እንዲሁም ተገልጋዮች ሊያውቁት የሚገባውን ያብራራል።

የብረት ድካም ምንድን ነው?

ብረት በአንድ ጊዜ ሊሰብረው ከሚችለው ኃይል እጅግ ያነሰ ጫና ቢያርፍበትም፣ ጫናው በተደጋጋሚ ሲመላለስበት ይዳከማል። በመጀመሪያ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ይፈጠራል፤ ስንጥቁ በእያንዳንዱ ምልልስ በጥቂቱ ያድጋል፤ በመጨረሻም የቀረው ብረት ጫናውን መሸከም ሲያቅተው ክፍሉ በድንገት ይሰበራል። ጀርመናዊው መሐንዲስ አውጉስት ቮለር በ19ኛው ክፍለ ዘመን በባቡር አክስሎች ላይ ባካሄዳቸው ሙከራዎች የጫናው መጠን ከፍ ባለ ቁጥር ብረቱ የሚችለው የምልልስ ብዛት እንደሚቀንስ አሳይቷል።

በጄት ሞተር አንድ በረራ በአብዛኛው እንደ አንድ ዑደት ይቆጠራል። ሞተሩ ለመነሳት ሙሉ ኃይሉን ሲያወጣ ብሌዶቹን የተሸከመው ዲስክ በከባድ ኃይል ወደ ውጭ ይሳባል፤ ሞተሩ ሲጠፋ ጫናው ይለቀዋል። ስለሆነም የዲስክ ዕድሜ የሚለካው በዋናነት በበረራ ሰዓት ሳይሆን በዑደት ብዛት ነው። በተመሳሳይ ሰዓት ውስጥ አጫጭር በረራዎችን የሚያደርግ አውሮፕላን ረጅም ርቀት ከሚበረው ይልቅ የዲስኩን ዕድሜ ፈጥኖ ይጨርሳል። ብሌዶች በበኩላቸው ለንዝረት፣ ከማቃጠያው ክፍል በስተኋላ ያሉት ደግሞ በተጨማሪ ለከፍተኛ ሙቀት ይጋለጣሉ።

የአገልግሎት ጣሪያ እንዴት ይወሰናል?

አምራቹ በመጀመሪያ በእያንዳንዱ የበረራ ደረጃ ክፍሉ ላይ የሚያርፈውን ጫናና ሙቀት ያሰላል። ቀጥሎም ከተመሳሳይ ብረት የተሠሩ ናሙናዎች እስኪሰበሩ ድረስ በመሞከሪያ መሣሪያ ይፈተናሉ፤ ሙሉ ዲስኮችም በልዩ ጉድጓድ ውስጥ እየተሽከረከሩ ይሞከራሉ።

በዚህ ሂደት ዋነኛው ፈተና የውጤቶች መለያየት ነው። ከአንድ ዓይነት ብረት የተሠሩና በአንድ ዓይነት ጫና የተፈተኑ ናሙናዎች የሚቆዩበት የዑደት ብዛት በብዙ እጥፍ ሊለያይ ይችላል። በመሆኑም ጣሪያው በአማካዩ ሳይሆን በደካማዎቹ ላይ ተመሥርቶ ይወሰናል። በተለመደው አሠራር ጣሪያው ላይ ሲደርሱ አንድ ሚሊ ሜትር የማይሞላ ስንጥቅ ይኖርባቸዋል ተብሎ የሚገመተው ከ1,000 ዲስኮች ከአንዱ አይበልጥም። የቀሩት ዲስኮች ከዚያ በኋላም ማገልገል ይችሉ ነበር፤ ሆኖም ደካማው የትኛው እንደሆነ አስቀድሞ መለየት ስለማይቻል ሁሉም አብረው ይወገዳሉ።

ትንበያ ብቻውን ለምን አይበቃም?

እ.ኤ.አ. ሐምሌ 19 ቀን 1989 የዩናይትድ አየር መንገድ በረራ 232 የነበረው ዲሲ-10 አውሮፕላን የጅራት ሞተሩ የፊት ዲስክ በአየር ላይ ፈነዳ። ስብርባሪው ሦስቱንም የሃይድሮሊክ መስመሮች በማበላሸቱ አውሮፕላኑ በአሜሪካ ሱ ሲቲ ከተማ ለማረፍ ሲሞክር ተከሰከሰ፤ ከ296 ተሳፋሪዎችና ሠራተኞች መካከል ከ110 በላይ ሕይወታቸው አለፈ። ዲስኩ የነበረው ጣሪያ 18,000 ዑደት ሲሆን የተሰበረው በ15,503ኛው ነው። ስሌቱ ብረቱን እንከን የለሽ አድርጎ የወሰደ ቢሆንም፣ ታይታኒየሙ ሲቀልጥ በውስጡ የቀረ ጠጣር እንከን ስንጥቁን አስጀምሮታል። ከአደጋው 760 በረራዎች በፊት በተደረገው ፍተሻም ስንጥቁ ሳይታይ አልፏል። ከዚህ ትምህርት በመነሳት የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጣው መመሪያ፣ እንከን ሊኖር እንደሚችል ታሳቢ ተደርጎ የስንጥቅ ዕድገት እንዲሰላ ያመለክታል።

እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 17 ቀን 2018 ደግሞ በአንድ ቦይንግ 737-700 ላይ 32,636 ዑደት ያገለገለ የፋን ብሌድ በድካም ተሰብሮ አንዲት መንገደኛ ሕይወቷ አልፏል። በሦስተኛው ቀን የወጣው አስቸኳይ ትእዛዝ 30,000 ዑደትና ከዚያ በላይ ያገለገሉ የዚሁ ዓይነት ሞተሮች ብሌዶች በ20 ቀናት ውስጥ በአልትራሳውንድ እንዲፈተሹ አስገድዷል።

ከሁለቱም አደጋዎች የሚወሰደው ትምህርት ትንበያና ፍተሻ አንዱ ሌላውን የሚተካ ሳይሆን አንዱ የሌላውን ክፍተት የሚሸፍን መሆኑ ነው።

ተገልጋዮች ሊያውቁት የሚገባ

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1944 የተፈረመው የቺካጎ ስምምነት አባል ናት፤ በአገሪቱ የአውሮፕላኖችን የበረራ ብቁነት የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ነው።

የሞተር ክፍሎችን ለሚገዙ፣ ለሚያስመጡ ወይም ለሚጠግኑ ወገኖች ሰነዱ ከዕቃው እኩል ዋጋ አለው። የአገልግሎት ጣሪያ ያለው ክፍል፦

- የክፍል ቁጥሩና የመለያ ቁጥሩ በሰነዱና በዕቃው ላይ አንድ ዓይነት ሊሆን ይገባል።
- ከተመረተበት ጊዜ ጀምሮ የገጠመባቸው ሞተሮችና ያገለገለባቸው ዑደቶች ሳይቆራረጡ የተመዘገቡ ሊሆኑ ይገባል።
- የተደረጉለት ጥገናዎችና ፍተሻዎች ሥልጣን ባለው ድርጅት የተረጋገጡ ሊሆኑ ይገባል።

መዝገቡ የጎደለ ክፍል ቀሪ ዕድሜው ሊሰላ አይችልም፤ ውጫዊ ገጽታው አዲስ ቢመስልም ለበረራ ሊውል አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2023 ሐሰተኛ የምስክር ወረቀት የተያያዘላቸው የሞተር መለዋወጫዎች በተለያዩ አገራት አየር መንገዶች ሞተሮች ውስጥ ተገኝተው እንዲወጡ መደረጉ የጉዳዩን አሳሳቢነት ያሳያል። ሰነዱ አጠራጣሪ የሆነ ዕቃ ያጋጠመው ገዢ ወይም ባለሙያ ዕቃውን ለይቶ በማስቀመጥ ለባለሥልጣኑ ማሳወቅ ይኖርበታል።

መንገደኞችም በሞተር ፍተሻ ምክንያት በረራ ሲዘገይ ወይም አውሮፕላን ሲቀየር፣ መዘግየቱ ከዚሁ የጥንቃቄ ሥርዓት የመነጨ ሊሆን እንደሚችል መገንዘብ ይጠቅማቸዋል። የብረት ድካም ከመስበሩ በፊት ድምፅ አያሰማም፤ የሚደረስበት በትክክል በተያዘ መዝገብና በወቅቱ በተካሄደ ፍተሻ ነው።