ከመስክ ወደ ቤት፦ የገና በዓል በጎጃም ደጋ

በጎጃም ደጋ፣ በተለይም በደብረ ማርቆስና ከጮቄ ተራራ ሥር በሚገኙት የገጠር ወረዳዎች፣ የገና በዓል ዛሬ በአብዛኛው የቤት በዓል ነው፤ ቤተሰብ ተሰብስቦ ጾም የሚገድፍበት፣ ጎረቤት የሚጠራራበት፣ ከሩቅ የመጣ ልጅ ከወላጆቹ ጋር ማዕድ የሚቆርስበት ቀን ነው። ይህ መልኩ ግን እንደሚታሰበው ጥንታዊ አይደለም። የበዓሉ ዋና መድረክ ለብዙ ዘመን ከመንደሩ ዳር ያለው የወል መስክ ነበር፤ ቤቱ በበኩሉ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ወደ መስኩ፣ ከመስኩም ወደ ጭፈራው ሲያልፍ ጎራ የሚልበትና የሚጠግብበት ማረፊያ ነበር። ስሙም ይህንኑ ይመሰክራል። ሊቃውንት «ገና» የሚለውን ቃል ልደት የሚል ትርጉም ካለው የግሪክ ቃል የመጣ ነው ይላሉ፤ በአማርኛ ግን ቃሉ ሰፍቶ በዓሉን ብቻ ሳይሆን በበዓሉ የሚካሄደውን ጨዋታና ጨዋታው የሚካሄድበትን ቆልማማ ዱላ ጭምር መጠሪያ ሆኗል።

በዓሉ ታኅሣሥ 29 ቀን ይውላል። ጳጉሜን ስድስት ቀን ከሆነች በኋላ በሚጠባው ዓመት፣ ማለትም በዘመነ ዮሐንስ፣ አንድ ቀን ቀድሞ ታኅሣሥ 28 ይከበራል። ምክንያቱ ቤተ ክርስቲያን ከጽንሰት እስከ ልደት ያለውን ጊዜ ከመጋቢት 29 ጀምራ ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን አድርጋ ስለምትቆጥር፣ ጳጉሜን የጨመረችው አንድ ቀን ይህን ቁጥር እንዳያፋልሰው በማሰብ ነው። ባሕረ ሐሳብ የሚባለው ይህን መሰሉ የዘመን ቀመር ትምህርት እንደ ዲማ ጊዮርጊስ፣ ደብረ ወርቅና ደብረ ኤልያስ ያሉ ገዳማትና አድባራት ባሏት፣ በቅኔም በታወቀች አገር ለሕዝቡ እንግዳ አልነበረም። «ልደት» የሚለው ቃል ራሱ በጎጃም ከበዓል መጠሪያነት ያለፈ ክብደት ነበረው፤ ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የክርስቶስ ልደት እንዴት እንደሚቆጠርና መቀባቱ ምን ትርጉም እንዳለው በተነሣው ክርክር የቅባት ትምህርት ብርቱ ደጋፊዎችን ያገኘው በጎጃም ነበርና። ክርክሩ በ1870 ዓ.ም. በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በተጠራው የቦሩ ሜዳ ጉባኤ ለተዋሕዶ ተፈርዶ በይፋ ተዘግቷል።

ከበዓሉ በፊት ያለው ጾም ጾመ ነቢያት ወይም በተለምዶ የገና ጾም ይባላል። ኅዳር 15 ቀን ተጀምሮ ታኅሣሥ 28 ቀን የሚያበቃ የ44 ቀን ጾም ሲሆን፣ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል አይበላበትም። ይህ ሥርዓት ከመንፈሳዊ ዓላማው ጎን ለጎን በገበሬው ጓዳ ላይ ያመጣውን ለውጥ ማየት ይገባል። ጾሙ የሚገባው ክረምቱ ካለፈና ሣሩ ከጠገበ በኋላ ላሞች ገና እየታለቡ ባሉበት ወራት ነው፤ ስለዚህ የማይጠጣው ወተት እየረጋና እየተናጠ ቅቤ ይሆናል፣ ቅቤውም ለበዓሉ ይጠራቀማል፤ ዶሮውና እንቁላሉም እንዲሁ ይቆያል። የገና ማዕድ የሚሰናዳው በአንድ ቀን ወጪ ሳይሆን ቤተሰቡ ለስድስት ሳምንት ያህል ከአፉ ቆጥቦ ባስቀመጠው ሀብት ነው፤ ጠግቦ የማያውቅ ድሃ ቤት እንኳ በገና ቀን እንግዳ የሚቀበልበት አንዱ ምስጢር ይኸው ነበር።

ጊዜው ከእርሻውም ጋር የተያያዘ ነው። ከባሕር ጠለል ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት ደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ ኅዳርና ታኅሣሥ ጤፍ፣ ስንዴና ገብስ የሚታጨዱበት፣ ነዶ የሚከመርበትና በአውድማ ላይ በበሬ የሚወቃበት ወቅት ነው። ሌሊቱ ውርጭ ቢሆንም ቀኑ ብሩህ ነው፤ እርሻው ባዶ ሆኖ ከብት ቃርሚያ የሚለቅምበት፣ እረኛም ከብቱ ሰብል እንዳይገባ ቀን ሙሉ ከመሮጥ የሚያርፍበት ጊዜ ነው። ቤተ ክርስቲያን ከልደት በፊት ያሉትን ሳምንታት በተራ ስብከት፣ ብርሃንና ኖላዊ ብላ ስትሰይም ከታኅሣሥ 21 ጀምሮ ያለው ሳምንት ኖላዊ፣ ማለትም እረኛ ይባላል። ከመቅደሱ የሚሰማው የእረኛ ስም በውጭ በመስኩ ላይ ካለው እውነተኛ እረኛ ጋር በአንድ ሳምንት መገጣጠሙ ለጎጃም ገበሬ በዓሉን የራሱ ታሪክ አድርጎ እንዲያየው ያደረገው ይመስላል።

የጨዋታውም አፈ ታሪክ የሚነሣው ከዚሁ ነው። በቤተ ልሔም የነበሩት እረኞች የልደቱን ብሥራት በሰሙ ጊዜ ከደስታቸው የተነሣ በያዙት በትር ኳስ መቱ፣ የገና ጨዋታም ከዚያ ወረደ ይባላል። ዱላው እንደ ወይራ ካለ ጠንካራ እንጨት ተቆርጦ ጫፉ በተፈጥሮው የቆለመመ ወይም በእሳት ተለብልቦ የተቆለመመ ነው፤ እረኞች ከበዓሉ ሳምንታት አስቀድመው ጫካ ለጫካ እየዞሩ ምቹ ቅርንጫፍ ይመርጣሉ። ሩር ወይም ጥንግ የሚባለው ኳስ ከእንጨት ጉጥ ተጠርቦ ወይም ከጠፍር ተጎንጉኖ ይሠራል። ወገኑ የሚለየው በአጥቢያ ወይም በላይኛውና በታችኛው መንደር ነው፤ የተጫዋቹ ብዛትም ሆነ የሜዳው ስፋት ገደብ ያልነበረው ሲሆን፣ እያንዳንዱ ወገን ሩሩን ከተጋጣሚው ዳርቻ አሳልፎ ለማውጣት ከረፋድ እስከ ማታ ይታገላል። ቅልጥም የሚሰበርበት፣ ጥርስ የሚወልቅበት ጊዜ ነበር፤ ነገር ግን በዚያ ቀን ለደረሰ ጉዳት ቂም መያዝ ነውር ነበር። በአገሩ የታወቀው ምሳሌያዊ አነጋገር በገና ጨዋታ ጌታ እንደማይቆጣ ይናገራል፤ ባለ ርስቱና ጭሰኛው፣ ሹሙና እረኛው በአንድ ሜዳ ላይ እኩል የሚጋፉበት፣ አንዱ ሌላውን በግጥም የሚሸነቁጥበት ቀን በዓመት ውስጥ ይህ ነበር። በማዕረግ እጅግ በተከፋፈለ ማኅበረሰብ ዘንድ ይህ ትንሽ ነገር አልነበረም፤ ሰው ለአንድ ቀን የሚተነፍስበት ፈቃድ ነበር። ሲመሽ ያሸነፈው ወገን «አሲና» በመባል የሚታወቀውን የገና ጭፈራ እያሰማ ከቤት ወደ ቤት ይዞራል፣ ባለቤቱም ጠላና ዳቦ ያቀርብለታል፤ ቤት ወደ በዓሉ የሚገባው እንግዲህ በዚህ በር ነበር።

ደብረ ማርቆስ ከተማ ስትሆን ለዚህ የመስክ በዓል ሌላ መድረክ ተጨመረለት። ቀድሞ መንቆረር የምትባለውና በ1845 ዓ.ም. ገደማ በደጃዝማች ተድላ ጓሉ የተቆረቆረችው ይህች ሥፍራ የዛሬ ስሟን ያገኘችው በቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ነው። ከዚያም በ1873 ዓ.ም. ንጉሠ ጎጃም ተብለው የነገሡት ተክለ ሃይማኖት፣ ቀድሞ ራስ አዳል ተሰማ የሚባሉት፣ መናገሻቸው አደረጓት። እንደ ሌላው የአገሪቱ ግቢ ሁሉ በዚህም ቤተ መንግሥት በታላላቅ በዓላት ግብር ይገባ ነበር። «ግብር» የሚለው ቃል በአማርኛ ሁለት ነገር ይይዛል፤ ገበሬው ለሹም የሚያስገባውን እህልና ማር፣ እንዲሁም ሹሙ ለወታደሩና ለእንግዳው የሚያበላውን ግብዣ። ገና ደግሞ አሥራቱ፣ ማለትም ከምርት አንድ አሥረኛው፣ እህሉ በአውድማ ሳለ በሚገመትበት ወራት ስለሚውል፣ ከገበሬው የወጣው በጠጅና በጥሬ ሥጋ መልክ ተመልሶ በአዳራሽ ሲቀርብ በዚያው ወቅት ይታያል፤ ይሁን እንጂ ግብር ያስገባው ገበሬ ወደ አዳራሹ የሚዘልቀው እምብዛም ነበር። ይህ ሥርዓት ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በ1893 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ በልጃቸው በራስ ኃይሉ ዘመንም ቀጥሏል።

በገበሬው ቤት ያለው የዘመድ መሰባሰብ ግን ከቤተ መንግሥቱ ይልቅ ከመሬቱ ጋር የተሳሰረ ነበር። በጎጃም ርስት የሚባለው መብት ከመጀመሪያው አቅኚ አባት፣ ማለትም መሬቱን መጀመሪያ አቅንቶ ከያዘው ሰው፣ በዘር የሚወረስ ሲሆን፣ በወንድም በሴትም፣ በአባትም በእናትም በኩል ይቆጠር ነበር። አንድ ሰው ስለዚህ በብዙ መንደር ርስት ሊጠይቅ ይችል ነበር፤ ሊጠይቅ የሚችለው ግን ዘሩን ቆጥሮ ሲያስረዳና ዘመዶቹም «የኛ ነው» ብለው ሲመሰክሩለት ነው። በበዓል ቀን ዳቦና ጠላ ይዞ የአክስትን ወይም የሩቅ አጎትን ቤት መጠየቅ፣ ልጆችን እያስከተሉ «ይህ የእገሌ ልጅ ነው» ብሎ ማስተዋወቅ፣ ከፍቅሩ በተጨማሪ የዘር ሐረግ እንዳይረሳ የሚያደርግ ሕያው መዝገብ ነበር። ይህን መዝገብ ሕዝቡ ምን ያህል እንደሚጠነቀቅለት በ1960 ዓ.ም. ታይቷል፤ በዚያ ዓመት የወጣው የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ መሬት ተለክቶ ርስት የሚነጠቅበት መንገድ ነው ብለው የሰጉ የጎጃም ገበሬዎች በብዙ ወረዳ ተነሥተው መንግሥትን ወደ ኋላ እንዲል አስገድደዋል።

ለገና ሥራው የሚጀምረው በሴቶች እጅ ነው። ጠላ ከሳምንታት አስቀድሞ ይጠነሰሳል፤ ጋኑ በግራዋ ቅጠል ታጥቦ በወይራ ጭስ ይታጠናል፣ ጌሾው ከውኃ ጋር ይገባል፣ ቀጥሎም ብቅሉና ከገብስ ወይም ከዳጉሳ የተጋገረው ቂጣ ታክሎበት ድፍድፍ ይሆናል። በዋዜማው ድፎ ዳቦው በኮባ ቅጠል ተሸፍኖ ከላይና ከታች በፍም ይበስላል። ለዶሮ ወጡ የሚከተከተው ሽንኩርትና የሚነጠረው ቅቤ ሽታ ጾመኛውን እየፈተነ ሌሊቱን ያድራል። ወንዶቹና አረጋውያኑ በቤተ ክርስቲያን ናቸው፤ ካህናቱና ደብተራዎቹ በጽናጽል፣ በመቋሚያና በከበሮ ማኅሌት ሲቆሙ ያድራሉ፣ ቅዳሴውም ሌሊት ተቀድሶ ከንጋት በፊት ይጠናቀቃል። በዓሉ ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢውልም ጾም የለም። ሕዝቡ በውርጭ ውስጥ ነጠላውን ተከናንቦ ወደ ቤቱ ሲመለስ ቄጤማ የተጎዘጎዘው ወለል ይጠብቀዋል፤ ዶሮዋ በአሥራ ሁለት ብልት ተከፋፍላ፣ ብልቱም እንደየማዕረጉ ለአባወራ፣ ለእንግዳና ለልጅ ይታደላል፣ «እንኳን አደረሳችሁ» የሚለውም ሰላምታ ከደጅ ጀምሮ ይሰማል።

ሥጋውን ግን አንድ ቤት ብቻውን አይወጣውም። ቅርጫ የሚባለው ሥርዓት በርከት ያሉ ጎረቤቶች ገንዘብ አዋጥተው አንድ በሬ ገዝተው የሚያርዱበት ነው፤ ሥጋው በእኩል መደብ፣ ማለትም በእኩል ክምር ይደለደላል፣ በእያንዳንዱ መደብ ላይ ከሥጋው፣ ከአጥንቱ፣ ከጉበቱና ከጨጓራው በልክ ይቀመጣል። ከዚያ እያንዳንዱ ባለ ድርሻ ምልክት ይሰጣል፣ ድልድሉን ያላየ ሰውም ምልክቶቹን በመደቦቹ ላይ ይጥላል። ዕጣ የሰጠውን መደብ እንቢ የሚል የለም። አከፋፋዩ ራሱ የትኛው መደብ እንደሚደርሰው ስለማያውቅ እኩል ከማከፋፈል በቀር ምርጫ የለውም፤ በጥበቡ ቀላል፣ በፍትሑ ግን ብዙ የተጻፈ ሕግ ሊደርስበት ያልቻለ ሥርዓት ነው።

በዓሉ ከመስክ ወደ ቤት የዞረው ከ1960ዎቹ ወዲህ ነው፤ ምክንያቱም አንድ ብቻ አይደለም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ርስትን አስቀርቶ ዘር ቆጥሮ መሬት የመጠየቁን ጉዳይ ከንቱ አደረገው፤ ጉብኝቱ ቢቀጥልም የመዝገብነቱ ክብደት ቀለለ። ሕዝቡ ሲበዛና መሬት በተደጋጋሚ ሲሸጋሸግ፣ በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል የተካሄደውን ሽግሽግ ጨምሮ፣ የወል ግጦሹ እየታረሰ ወይም ባሕር ዛፍ እየተተከለበት ጠበበ፤ ገደብ የለሽ ሜዳ የሚፈልገው ጨዋታም ሥፍራ አጣ። ትምህርት ቤቶች እግር ኳስን አመጡ፤ ልጁ ከእረኝነት ወደ ክፍል ሲገባ ዱላ የሚመርጥበት ጫካም ጊዜም አልቀረለትም። የገና ጨዋታ ዛሬ በባህል ስፖርት ውድድሮች ላይ በተወሰነ የተጫዋች ቁጥርና በተለካ ሜዳ ይካሄዳል፤ ይህ ጨዋታውን ከመጥፋት ቢያድነውም ታኅሣሥ ውስጥ ከመንደሩ ዳር ባለው መስክ ላይ የነበረውን ሥፍራ ሊመልስለት አልቻለም።

የቀረው ወደ ቤት ገባ። ከአዲስ አበባ ወደ 300 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን መንገድ፣ ዓባይ በረሃን ወርዶና ወጥቶ፣ የሚመጣው ተማሪና ሠራተኛ በዓሉን የሚያየው ከእናቱ ምድጃ ጎን ነው። በደብረ ማርቆስ ቤቶች የቴሌቪዥን ፕሮግራምና በአዲስ አበባ የተለመደው የገና ዛፍ እየተጨመሩ ቢሆንም፣ ቅርጫው አልቀረም፤ በሬ የሚከፋፈሉት የመንደር ጎረቤቶች በከተማዋ ለመሥሪያ ቤት ባልደረቦችና በአንድ ግቢ ለሚኖሩ ተከራዮች ቦታ ለቀዋል። ከወራት አስቀድመው በየወሩ የሚያዋጡት እነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ የተለያየ አገር ልጆች ናቸው፤ በታኅሣሥ 29 ማለዳ ግን ቢላዋ ይዘው በአንድ ቆዳ ዙሪያ ይቀመጣሉ፣ መደቡንም ይደለድላሉ፣ ልጆቻቸውም ዕጣው እስኪጣል ዳር ቆመው ይጠብቃሉ።