ገብሱ ከበቀለ

እስቲ ሁለት ከረጢት እህል በዓይነ ልቡናችሁ አስቀምጡልኝ፤ አንዱ ገብስ፣ አንዱ ስንዴ። አገሩ ግብፅ ነው፣ የዓባይ ዳር። ዘመኑ ከ3,000 ዓመት ይበልጣል። ያ ገብስ የሚበቅልበት አፈር ከእኛ ደጋ ታጥቦ የወረደ ነውና ታሪኩን እንደ ባዳ አልነግራችሁም።

አንዲት ሴት በየቀኑ ትመጣና በሁለቱ ከረጢቶች ላይ ትሸናለች። ቀን ይቆጠራል። ገብሱ ከበቀለ ወንድ፣ ስንዴው ከበቀለ ሴት ልትወልድ ነው ይባላል፤ ሁለቱም ካልበቀሉ አላረገዘችም። የዘመኑ ሐኪሞች ይህን በፓፒረስ ላይ ጽፈውታል፤ ጽሑፉ ዛሬ በርሊን ይገኛል።

ይህን የሰማ ብዙ ሰው ይስቃል። እኔ አልስቅም። በ1963 እ.ኤ.አ. (ዓመቶቹን ለጊዜው በፈረንጅ አቆጣጠር ልንገራችሁ፣ መጨረሻ ላይ ወደ ራሳችን እመለሳለሁ) የግብፅ ተመራማሪዎች ነገሩን ደግመው ሞከሩት። የእርጉዞቹ ሽንት ከመቶ 70 ያህሉን ጊዜ እህሉን አበቀለ፤ የወንዶችና ያላረገዙ ሴቶች ሽንት ግን አላበቀለም። የወንድና የሴቱ ትንቢት አልሠራም። ቢሆንም ያቺ ጥንታዊት ሴት የያዘችው መንገድ ትክክል ነበር፤ ምስጢሩ ያለው ሽንት ውስጥ ነው።

ምስጢሩም ይህ ነው። ጽንሱ የማህፀን ግድግዳ ላይ ሲጣበቅ፣ በኋላ የእንግዴ ልጅ የሚሆነው ክፍል አንድ ሆርሞን ማመንጨት ይጀምራል። ሆርሞኑ ማህፀኑ ሽፋኑን እንዳያራግፍ ያደርጋል። ወር አበባ የሚቀረውም በዚህ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መጠኑ በየሁለትና ሦስት ቀኑ በእጥፍ ያድጋል፤ ከደም ወደ ሽንት ይወርዳል።

አሁን ወደ በርሊን እንሂድ። በ1927 ገደማ ሰልማር አሽሃይምና በርንሃርድ ዞንዴክ የሚባሉ ሁለት ሐኪሞች የሴትን ሽንት ገና ላልጎለመሱ እንስት አይጦች ወጉ። አራት አምስት ቀን ጠብቀው አይጦቹን ገድለው ከፈቱ፤ የእንቁላል ማምረቻቸው ጎልምሶ ከተገኘ ሴትዮዋ አርግዛለች። ናዚዎች ሲነሡ ሁለቱም አይሁድ ነበሩና አገራቸውን ጥለው ወጡ፤ ዞንዴክ ኢየሩሳሌም፣ አሽሃይም ፓሪስ።

ከአይጧ በኋላ እንቁራሪቷ መጣች። ላንስሎት ሆግበን የሚባል እንግሊዛዊ ኬፕታውን ሲያስተምር፣ ጥፍር ያላት የአፍሪካ እንቁራሪት ለሆርሞን ምን ምላሽ እንደምትሰጥ አየ። የእርጉዝ ሴት ሽንት ስትወጋ በአንድ ቀን ውስጥ እንቁላል ትጥላለች። መታረድም የለባትም፤ አርፋ እንደገና ታገለግላለች። ከ1930ዎቹ እስከ 1960ዎቹ እንቁራሪቶች ከደቡብ አፍሪካ በሺህ እየተጫኑ አውሮፓና አሜሪካ ገቡ።

እዚህ ላይ ሁልጊዜ ልቤ ይቆማል። ሴትዮዋ ሽንቷን በጠርሙስ ትሰጣለች፤ ጠርሙሱ ላቦራቶሪ ይሄዳል፤ እንቁራሪቷ ታውቃለች፤ የላቦራቶሪው ሰው ያውቃል፤ ሐኪሙ ያውቃል። እሷ ግን ቤቷ ቁጭ ብላ ትጠብቃለች። በገዛ ሆዷ የሆነውን ነገር የምትሰማው ከሁሉም ኋላ ነው።

ይህን የሰበረችው ሐኪም አይደለችም። በ1967 ማርጋሬት ክሬን የምትባል የ26 ዓመት ግራፊክ ዲዛይነር ኒው ጀርሲ ውስጥ ኦርጋኖን በሚባል የመድኃኒት ድርጅት ልትሠራ ተቀጠረች፤ የተቀጠረችው ለመዋቢያ ዕቃዎች ነው። ላቦራቶሪው ውስጥ በመስታወት ላይ የተደረደሩ የሙከራ ብልቃጦች አየች። ምንድን ናቸው ብላ ጠየቀች፤ የእርግዝና ምርመራ ናቸው አሏት። ይህንማ ማንም ሴት ቤቷ ልትሠራው ትችላለች ብላ አሰበች። ጠረጴዛዋ ላይ የነበረችውን የክሊፕ ማስቀመጫ ፕላስቲክ ሣጥን አይታ፣ ብልቃጥና መስታወት ጨምራ ናሙና ሠራች። አለቆቿ ሐኪሞች ይቀየማሉ ብለው ተቃወሙ። ኋላ ግን ፓተንቱ በስሟ ወጣ፤ መብቱን ለድርጅቱ ያስተላለፈችው በ1 ዶላር ነው፤ ያንኑም እንዳልተቀበለች ተናግራለች። በ1977 የቤት መመርመሪያ አሜሪካ ውስጥ ለገበያ ቀረበ። ውጤቱ ሁለት ሰዓት ይፈጅ ነበር። የክሬን ናሙና ከ2015 ጀምሮ በስሚዝሶኒያን ሙዚየም ተቀምጧል።

ዛሬ ፋርማሲ ገብታችሁ የምትገዟት ቀጭን ስትሪፕ የዚያች ሣጥን የልጅ ልጅ ናት። ወር አበባ ከቀረበት ቀን ጀምሮ በማለዳ ሽንት ብትሞክሩ ይሻላል፤ ሌሊቱን የተጠራቀመው ሽንት ወፍራም ነውና። እርግዝናን የምታሳየው ሁለተኛዋ መስመር ደብዛዛም ብትሆን መስመር ናት። ካልወጣችና ወር አበባው አሁንም ከቀረ፣ ከሳምንት በኋላ ይደገም።

ሰውነትም የራሱ ምልክት አለው። ጡት ይወጠራል፤ ሽንት ቶሎ ቶሎ ይመጣል፤ ቀን ሙሉ የቆፈረ ሰው የሚደክመው ድካም ተቀምጠው ይመጣል፤ የወጥ ሽታ ያጥወለውላል። ግን ይህን ሁሉ ስንቷ እህታችን «ጨጓራዬ ነው» ብላ ታልፈዋለች! «ታይፎይድ ይሆናል» ብላ ለጽንሱ የማይሆን መድኃኒት የምትውጥም አለች። አንዳንዷ ጽንሱ ሲጣበቅ የምታያትን ጠብታ ደም ወር አበባ ብላ ትቆጥራለች። አንድ ነገር ግን ለነገ አይባልም። ወር አበባ ቀርቶ በአንድ ጎን የሚወጋ ብርቱ ሕመም፣ ደምና ራስ መሳት ከመጣ ጽንሱ ከማህፀን ውጭ ሊሆን ይችላልና በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ቤት ልመልሳችሁ። ልጅ ሆኜ ነው፤ የኅዳር ጽዮን ዕለት። ጎረቤቶች ለቡና ተሰብስበዋል፤ እኔ ከሰሉን አራግባለሁ። የቡናው ጭስ ሲነሣ አዲሷ ሙሽራ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ወጣች። ሴቶቹ ተያዩ፤ ማንም ምንም አላለም። ዓይን ይበላታል ተብሎ ይፈራል፤ እርግዝናም እስኪገፋ ይደበቃል። በዚህ መደበቅ ስንት እናት ከ12ኛው ሳምንት በፊት መጀመር የሚገባውን ክትትል እንደምታጣ ሳስብ ያንገበግበኛል። የሕፃኑ አንጎልና ህብለ ሰረሰር የሚሠራበት ቱቦ የሚገጥመው በ28ኛው ቀን ገደማ ነው፤ ከወር አበባ ሲቆጠር በስድስተኛው ሳምንት። ፎሊክ አሲድ ከእርግዝና በፊት ጀምሮ ይወሰድ የሚባለው ለዚህ ነው።

አንዲት እማማ ግን ተነሥተው ተከተሏት። እኔም ተከተልኩ።

«ልጄ፣ አበባሽን መጨረሻ ያየሽው መቼ ነው?»

«ከጥቅምት ሚካኤል ሦስት ቀን ቀድሞ፣ እማማ።»

ጥቅምት 9። ያ ዕለት ልክ ስድስት ሳምንት የሞላበት ነበር። እማማ በጣታቸው አንጓ ቆጠሩ። የእኛ ወር ከጳጉሜን በቀር ሁሉም 30 ቀን ነውና 9 ወር ከ10 ቀን ሲደመር 280 ቀን ይሞላል፤ ጳጉሜን መሐል ከገባች ብቻ አምስት ወይም ስድስት ቀን ይቀነሳል። ለእሷ አልገባችም።

«ሐምሌ 19» አሉ። «ገብርኤል ነው። ነገ ጤና ጣቢያ አብረን እንሄዳለን።»

ሙሽራዋ ቁልቢ ተስላ ኖሯል፤ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። እማማ ተመልሰው ገቡና ጀበናውን ከነከሰሉ አንሥተው ደጅ አወጡት።