ጎንደር ላይ አበባ ከዘር ማብቀል፦ መቼ ይዘራል? ማን ይበላዋል? ምን እናድርግ?

ዘሩን ገዛችሁ፣ ዘራችሁ፣ በቀለ። ሁለት ቅጠል ሲያወጣ ፎቶ አንስታችሁ ስቶሪ ላይ ለጠፋችሁ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ስታዩት ግን ግማሹ የለም። ከግርጌው ተቆርጦ ተኝቷል፣ ወይ ደግሞ ጭራሽ ጠፍቷል። ይሄ የደረሰበት ሰው ብዙ ነው፣ እኔን ጨምሮ። ከዚያ በኋላ የምናደርገውም ያው ነው፦ "መድኃኒት" ፍለጋ ገበያ እንወጣለን።

ከመውጣታችሁ በፊት ይቺን አንብቡ። ከዘር የሚበቅል አበባ በብዛት የሚጠፋው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ነው። እነዚያን ሳምንታት በእጃችሁ ከጠበቃችሁት፣ በኋላ የሚረጭ መርዝ የሚያስፈልግበት ጊዜ በጣም ጥቂት ነው።

የትኛው አበባ?

ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሜክሲኮ ሲቲ ደግሞ 2,240 ሜትር ላይ። ሁለቱም ዋናውን ዝናብ የሚያገኙት ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ነው። ይሄን ያመጣሁት ለወሬ ማድመቂያ አይደለም። ዚኒያ፣ ማሪጎልድ፣ ኮስሞስና ዳሊያ የመጡት ከሜክሲኮና ከአካባቢዋ ነው፤ ዳሊያማ እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ የሜክሲኮ ብሔራዊ አበባ ነው። ስለዚህ ጎንደር አየሩ ይስማማቸዋል። ዩቲዩብ ላይ "ቤት ውስጥ በማሞቂያና በመብራት አብቅሉ" የሚለውን ምክር እርሱት፣ እሱ በረዶ ለሚዘንብበት አገር ነው።

የሚገርመው ደግሞ የራሳችን አደይ አበባ የኮስሞስና የዳሊያ የቅርብ ዘመድ መሆኑ ነው። የአደይንና የኮስሞስን ዘር መዳፋችሁ ላይ ጎን ለጎን ብታደርጉ ሁለቱም ቀጫጭን ጥቁር እንጨት ይመስላሉ።

ዳባትና ደባርቅ ያላችሁ ግን ሒሳቡ ይለያል። ደባርቅ ወደ 2,850 ሜትር ገደማ ነው፣ ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ሌሊቶች ውርጭ አለ። ዚኒያና ዳሊያ ውርጭ አይችሉም፣ በአንድ ሌሊት ይጠቁራሉ። ለእናንተ ቀላል ውርጭ የሚችሉት ካሌንዱላና ፓንሲ ይሻላሉ። ዚኒያ ካማራችሁ ክረምቱን ጠብቃችሁ እስከ ጥቅምት የሚያብበውን ብቻ ዝሩ።

መቼ ይዘራል?

ማሪጎልድ፣ ዚኒያና ኮስሞስ ከዘር እስከ አበባ ከ8 እስከ 10 ሳምንት ይፈጅባቸዋል፣ ደመናው ሲበዛ ደግሞ ከዚያም ይዘገያሉ። ለእንቁጣጣሽ እንዲደርስላችሁ ከፈለጋችሁ ሰኔ መጀመሪያ ላይ ዝሩ።

ለጥምቀት ከሆነ መስከረም መጨረሻ ነው ጊዜው። ከመስከረም 30 እስከ ጥር 11 ድረስ 101 ቀን አለ። ብርዱ እድገቱን ቢያዘገየውም ይበቃል። ጥምቀት እ.ኤ.አ. በ2019 ዩኔስኮ መዝገብ ላይ ሰፍሯል፤ ጎንደር በዚያ ሰሞን ምን ያህል እንግዳ እንደምታስተናግድ ለእናንተ አልነግራችሁም። በር ላይ ሁለት ባልዲ ያበበ ማሪጎልድ ማስቀመጥ ምን እንደሚመስል አስቡት።

ችግሩ ውኃ ነው። በመስከረም የተዘራ አበባ ከጥቅምት በኋላ ዝናብ አያገኝም፣ ጎንደር ላይ የቧንቧ ውኃ ደግሞ ያው እንደምታውቁት ነው። አትክልትና እህል የታጠበበትን ውኃ አስቀምጡለት። በረኪና ወይም ብዙ ኦሞ ያለበትን ግን አታጠጡ። የአፈሩን ላይ በደረቅ ሣር ወይም በጭድ ብትሸፍኑት ውኃው ቶሎ አይተንም።

አፈርና አዘራር

ዋልካ አፈር ብቻውን አይሆንም። ክረምት ላይ ውኃ አቁሮ ሥሩን ያበሰብሳል፣ በጋ ላይ ይሰነጠቃል። ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰበሰ ፍግ፣ አንድ እጅ አሸዋ ቀላቅሉ። ፍጉ ትኩስ ከሆነ ችግኙን ያቃጥላል። የቀለም ባልዲ፣ የተቆረጠ ጀሪካን፣ ግማሹ የተቀደደ ሃይላንድ፣ ሁሉም ይሆናል፤ ብቻ ሥሩን ብሱት።

ዘሩን ከውፍረቱ ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ ብቻ ቅበሩት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፣ እንደ በቆሎ ይቀብረዋል። ፔቱኒያ የመሰለ አቧራ የሚያክል ዘር ጭራሽ አይቀበርም፣ ከደረቅ አሸዋ ጋር ቀላቅላችሁ ላዩ ላይ በትኑት። ዚኒያና ማሪጎልድ በሳምንት ገደማ ብቅ ይላሉ፣ ኮስሞስና ዳሊያ እስከ ሁለት ሳምንት ሊቆዩ ይችላሉ።

ዘሩ አሮጌ ከመሰላችሁ 10 ፍሬ እርጥብ ሶፍት ውስጥ ጠቅልላችሁ ፌስታል ውስጥ አቆዩት። ከሳምንት በኋላ 7 ወይም 8 ከበቀለ ጥሩ ነው። ከ4 በታች ከሆነ አፈርና ጊዜ አታባክኑበት።

አሁን ወደ በላተኞቹ

በመጀመሪያ የሚመጣው ነፍሳት ላይሆን ይችላል። ችግኙ ግርጌው ላይ እንደ ክር ቀጥኖ ከወደቀ ሻጋታ ነው። መነሻው ውኃ መብዛትና አየር ማጣት ነው። ማታ አታጠጡ፣ ጠዋት አጠጡ፣ ችግኞቹን አራርቁ። የወደቀው አይድንም፣ ከነአፈሩ አውጡት።

ግንዱ በመቀስ እንደተቆረጠ ተኝቶ ካገኛችሁት ግን ቆራጭ ትል ነው። ሌሊት ይቆርጣል፣ ቀን አፈር ውስጥ ይተኛል። ከተቆረጠው ችግኝ አጠገብ አፈሩን በጣታችሁ ትንሽ ጫር ጫር አድርጉ፣ ግራጫ ሆኖ እንደ ቀለበት የተጠቀለለ ትል ታገኛላችሁ። መድኃኒቱ አንድ ሃይላንድ ነው። ቀለበት ቀለበት አድርጋችሁ ቁረጡትና በእያንዳንዱ ችግኝ ዙሪያ ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል አፈር ውስጥ አስገብታችሁ ትከሉት። ትሉ ግንዱን መክበብ ካልቻለ አይቆርጠውም። ባለፈው ክረምት ይሄን ካደረግኩ በኋላ አንድም ዚኒያ አልተቆረጠብኝም፣ ከዚያ በፊት ግን አሥራ ምናምን አልቆብኝ ነበር።

ቅጠሉ ተበስቶ አጠገቡ የሚያብለጨልጭ የደረቀ ልጋግ ካያችሁ ቀንድ አውጣ ነው፣ ወይም ቅርፊት የሌለው ዘመዱ። ክረምት የእነሱ ሠርግ ነው። እናቶቻችን አመድ ይበትኑበታል፣ ልክ ናቸው፣ ግን አመድ የሚሠራው ደረቅ እስከሆነ ድረስ ነው። ሐምሌ ላይ አንድ ዝናብ ሲመታው ያልቃል። የሚያዋጣው ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ የስልካችሁን ባትሪ አብርቶ መልቀም ነው። ጨው ያለበት ውኃ ውስጥ ጨምሩት። ፈረንጆቹ ቢራ በሰሐን አድርገው ይቀብሩላቸዋል፣ የሚስባቸው የእርሾው ሽታ ነው። ቤታችሁ ጠላ ከተጠመቀ አተላውን ሞክሩት፣ ምንም አታወጡበትም።

ፅጌረዳና ዳሊያ ላይ የሚፈላው ክሽክሽ ነው። ጫፍ ጫፉ ላይ ተጠጋግቶ አረንጓዴ ወይ ጥቁር ሆኖ ይታያል፣ ቅጠሉ ይጣበቃል። ያ የሚያጣብቀው ነገር ጣፋጭ ፈሳሽ ነው፣ ጉንዳን የሚመጣው እሱን ሊልስ ነው። ጉንዳኑ ክሽክሹን ከሚበሉት ነፍሳት ይጠብቀዋል፣ እንደ ከብት እረኛ ማለት ነው። ስለዚህ ጉንዳን ሲመላለስ ካያችሁ ወደ ላይ ቀና ብላችሁ ጫፉን እዩ። ክሽክሽ ያለ ወንድ ይራባል፣ ልጆቹንም በእንቁላል ሳይሆን በሕይወት ይወልዳል፣ ልጆቹም በሳምንት ገደማ ለመውለድ ይደርሳሉ። ዛሬ አምስት ከሆኑ በሚቀጥለው ሳምንት አይቆጠሩም።

በጊዜ ከተደረሰበት በጣትና በውኃ ያልቃል። ካመለጣችሁ በአንድ ሊትር ውኃ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና አድርጋችሁ አመሻሽ ላይ የቅጠሉን ሥር ሁሉ ርጩት፣ በአራት ወይም በአምስት ቀኑ ድገሙት። ሳሙና የሚገድለው የነካውን ብቻ ነው፤ ላዩን ብቻ ረጭቶ "አልሠራም" ማለት አይቻልም። ኦሞ ግን ቅጠል ስለሚያቃጥል ይቅር። መጀመሪያ አንድ ቅጠል ላይ ሞክሩና አንድ ቀን ጠብቁ።

እዚህ ላይ አንድ ልመና አለኝ። ክሽክሹ መሐል እንደ ትንሽ አዞ የመሰለ፣ ጥቁር ሆኖ ብርቱካናማ ነጠብጣብ ያለበት ትል ካያችሁ አትግደሉት። የዚያች ቀይ ባለ ነጠብጣብ ጥንዚዛ ልጅ ነው፣ ሥራው ክሽክሽ መብላት ነው። መልኩ ስለሚያስጠላ ብቻ ስንቱን ጨፍልቀነዋል።

በጋ ላይ ደግሞ ቅጠሉ ላይ ነጫጭ ነጥብ፣ ከሥሩ ቀጭን ድር ከታየ ቀይ ሸረሪት ነው። ድርቀትና አቧራ ይወዳል፣ የቅጠሉን ሥር በውኃ ማጠብ ያዳክመዋል። ነፍሳት አይደለም፣ የሸረሪት ወገን ነው። ለዚህ ነው ተራ ፀረ ነፍሳት ሲረጭበት የሚብስበት፣ የሚበሉትን ጠላቶቹን ብቻ ስለሚጨርስለት።

ዳሊያ የተከላችሁና ተክሉ በአንድ ቀን ጠውልጎ ሲሳብ ሥር አልባ ሆኖ የወጣላችሁ ደግሞ ጥፋተኛው ፍልፈል ነው። ከእሱ ጋር መዋጋት ከንቱ ነው፤ ዳሊያውን ባልዲ ውስጥ አዛውሩት። ዶሮ የሚያስቸግራችሁ መደቡን በቀጋ እሾህ ሸፍኑት። ጭላዳ የሚያስቸግራችሁ የስሜን ልጆች... እናንተ በገብሳችሁ ጉዳይ ተጨነቁ፣ ለአበባው ምክር የለኝም።

ስለ "መድኃኒቱ"

ገበያ ላይ ስሙ ያልተጻፈበት ፈሳሽ በሃይላንድ ተቀድቶ "ለተባይ ነው" ተብሎ ይሸጣል። አዋጅ ቁጥር 674/2002 ያልተመዘገበ ፀረ ተባይ እንዳይሸጥ ይከለክላል፤ ያ ጠርሙስ ግን ምን እንደያዘ ሻጩም ላያውቅ ይችላል። ቤት ውስጥ የሃይላንድ ጠርሙስ ያየ ሕፃን ደግሞ ውኃ ነው ብሎ ነው የሚያስበው።

በስሙ የታወቀው ማላታይንም ቢሆን ንብ ይገድላል። ያበበ አበባ ላይ መርጨት ማለት ንቧ የምትመገብበት ሰሐን ላይ መርዝ ማድረግ ነው። ጎረቤታችሁ ቀፎ ካለው የሚቆርጠው ማር ከእናንተ ግቢም ጭምር የመጣ ነው። ግቢያችሁ ውስጥ ጤና አዳምና በሶብላ ከአበባው አጠገብ ከሆነ ደግሞ መርዙ ቡናችሁና ሽሯችሁ ውስጥ ነው የሚገባው።

"እንዶድስ?" የሚል ይኖራል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ አካባቢ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው ነው ምርምሩን የጀመሩት፤ እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት አግኝተውበታል። ግን ጥናቱ ቢልሃርዚያ በሚያስተላልፉት የውኃ ቀንድ አውጣዎች ላይ ነው። እንዶድ ዓሣም ይገድላል። ከግቢያችሁ የወጣ ፈሳሽ ወደ ቀሃ ወይ ወደ አንገረብ ወንዝ የሚወርድ ከሆነ ተዉት፣ በባትሪ መልቀሙ ይሻላል።

ለከርሞ ዘር

ከሱቅ የገዛችሁት ፓኬት ላይ "ኤፍ ዋን" ወይም "ሃይብሪድ" ከተጻፈ ልጁ እናቱን አይመስልም፣ ቀለሙ ይቀያየራል። ካልተጻፈበት ከራሳችሁ አበባ ዘር መያዝ ትችላላችሁ።

አደይም ላይ ይሄው ነው። አደይ በየዓመቱ ከዘር የሚበቅል ነው። ዘር ሳይጥል ከነሥሩ እየነቀልን ለሽያጭ ካወጣነው፣ ማሳ ዳር ያለውን ደግሞ ሰፊ ቅጠል አረም የሚያጠፋው ቱ ፎር ዲ ካቃጠለው፣ በዚያ ቦታ ለከርሞ የሚበቅል ነገር አይኖርም። የእንቁጣጣሹን በመቀስ ቁረጡ፣ ሥሩን ተዉት። ጥቂት ራስ ሳትቆርጡ አስቀሩ። በጥቅምት መጨረሻና በኅዳር ራሱ ደርቆ ቡናማ ሲሆን በደረቅ ቀን ቁረጡት፣ ጋዜጣ ላይ ጥላ ውስጥ ለአንድ ሳምንት አስጡት። ከዚያ ወረቀት ውስጥ ጠቅልሉ፤ ፌስታል ውስጥ አይሁን፣ ይሻግታል። ላዩ ላይ የአበባውን ስምና ዓመተ ምሕረቱን ጻፉበት፣ ምክንያቱም ግንቦት ላይ የኮስሞስና የአደይ ዘር ተቀላቅሎባችሁ የቱ የቱ እንደሆነ ማንም አይነግራችሁም።