ከወይን በርሜል የተፋቀው ድንጋይ

ጠጅ ተጠልሎ ሲያበቃ የሚቀረውን አምቡላ ሁላችንም እናውቀዋለን። በአውሮጳ ያሉ የወይን ጠማቂዎችም የራሳቸው አምቡላ አላቸው፤ ይኸውም የፍሬው ልጣጭ፥ ዘሩና የእርሾው ዝቃጭ ነው። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ በተለይ ልናወሳው የወደድነው በበርሜሉ ግድግዳ ላይ የሚጋገረውን፥ ታርታር የሚባለውን ጠንካራ ቅርፊት ነው። ዓመታቱን የምንጠቅሰው እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ነው።

ታርታር በወይን ጭማቂ ውስጥ ሟሙቶ የሚኖር ጨው ነው። ጭማቂው ፈልቶ አልኮል ሲሆንና ሲቀዘቅዝ ጨው የመያዝ ኃይሉ ስለሚቀንስ በእንጨቱ ላይ ይረጋል። በ17ኛው መቶ ዓመት ላ ሮሼል በምትባለው የፈረንሳይ ወደብ የሴኜት ቤተሰብ መድኃኒት ቀማሚዎች ከዚሁ ፍቅፋቂ ሆድ የሚያስቀምጥ ጨው ሠሩ። በ1769 ስዊድናዊው ካርል ቪልሄልም ሼሌ ታርታሩን ከጠመኔ ጋር አፍልቶ፥ ሰልፈሪክ አሲድም ጨምሮ፥ ታርታሪክ አሲድን ለብቻው አወጣ።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ከዚህ በኋላ የመጣው ነው። በአልዛስ አገር በታን ከተማ ከሚገኝ ፋብሪካ አንድ እንግዳ አሲድ ተገኘ። ራሴሚክ ተባለ፤ ስሙ የወይን ዘለላ ማለት ከሆነው የላቲን ቃል የወጣ ነው። ይዘቱ ከታርታሪክ አሲድ ጋር አንድ ሆኖ ሳለ፥ ታርታሪክ አሲድ የብርሃንን አቅጣጫ ሲያዞር እርሱ አያዞርም። በ1848 የ25 ዓመቱ ሉዊ ፓስተር የዚህን አሲድ ጨው በማይክሮስኮፕ ሲመረምር ክሪስታሎቹ እንደ ቀኝና እንደ ግራ እጅ ሁለት ዓይነት መሆናቸውን አየ። አንድ በአንድም ለያቸው። (እኛ ብንሆን ከግማሽ ሳናልፍ የምንተወው ይመስለናል።) አንዱ ወገን ብርሃኑን ወደ ቀኝ፥ ሌላው ወደ ግራ አዞረው፤ እኩል ሲደባለቁ ግን ዝም አሉ። ሽማግሌው ሊቅ ባዮ ነገሩን በቀላሉ አላመነም፤ ፓስተር በፊቱ እንዲደግመው አደረገ፤ አይቶም ረካ። ሞለኪዩሎች ቀኝና ግራ እንዳላቸው ሳይንስ የተረዳው እንግዲህ ጠማቂው ከሚፍቀው ነገር ነው።

የላ ሮሼልም ጨው ሌላ ጠባይ ነበረው። በ1880 ዣክና ፒየር ኩሪ የተባሉት ወንድማማቾች አንዳንድ ክሪስታሎች ሲጫኑ ኤሌክትሪክ እንደሚሰጡ አስታወቁ፤ ይህ ጨው ከእነርሱ አንዱ ነበር። ስለዚህ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሰርጓጅ መርከብን በድምፅ ለሚያስሱ መሣሪያዎች አገለገለ፤ በግራሞፎንም ውስጥ የመርፌውን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጥ ነበር። በኋላ ሌሎች ማዕድናት ቦታውን ወሰዱበት።

ልጣጩና ዘሩም አልተጣሉም። በኢጣልያ ግራፓ የሚባል አረቄ ይወጣባቸዋል፤ ከዘሩ ዘይት ይጨመቃል፤ የቀረው ደርቆ ለማሞቂያ ይነዳል ወይም ማዳበሪያ ይሆናል። ታርታሩም እስከ ዛሬ ከወይን ዝቃጭ ይወጣል፤ ኬክ የሚያስነሣው ዱቄትም አንዳንድ ጊዜ ከእርሱ ይሠራል።

በትምህርት ቤት ላቦራቶሪ ስኳርን ለመፈተን የሚያገለግለው ሰማያዊው የፌህሊንግ ፈሳሽ የሚዘጋጀው ከሁለት ጠርሙስ ነው። በአንደኛው ውስጥ ያለው የላ ሮሼል ጨው ነው።